ማረጥ፣ ጭንቀትና "የእንጉዳዩ ሕክምና"

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ያልተለመደ ጥያቄ እየቀረበልኝ ነው። ጠያቂዎቹ ወጣቶች አይደሉም። ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 55 የሚሆን፣ ልጆች አሳድገው የዳሩ፣ አብዛኞቹም አሜሪካ ወይም አውሮፓ እህት ወይም ልጅ ያላቸው የቦሌ፣ የገርጂ፣ የሲኤምሲና የአያት እናቶች ናቸው። ጥያቄያቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ "በማረጫ ዕድሜ የሚመጣውን ጭንቀት የሚያጠፋ የእንጉዳይ መድኃኒት ወጥቷል አሉ፤ እናንተ ጋ ይገኛል?"

መልሱ "አይገኝም" ነው። ነገር ግን "አይገኝም" ብሎ ሰውን መሸኘት ከሌላ ቦታ እንዲፈልግ መንገር ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ ከወሬው የትኛው እውነት የትኛው ማጋነን እንደሆነ፣ እኛ ሀገር ያለች ሴትስ ምን ማድረግ እንደምትችል አንድ በአንድ ላቅርብ። እኔም በዚሁ ዕድሜ ላይ የምገኝ በመሆኔ ጉዳዩ ለእኔም የሩቅ አይደለም።

ማረጥ ምንድን ነው?

አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው ያለ ሌላ ምክንያት 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እዚህ ይደርሳሉ። ከባዱ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቀደም ብሎ ያለው ነው። የወር አበባው አንዴ በሦስት ሳምንት፣ አንዴ በሦስት ወር እየመጣ የሚያምታታበት ይህ መሸጋገሪያ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

ምልክቶቹን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ከደረት ተነስቶ ፊትን የሚያለብስ ድንገተኛ ሙቀት፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ መምታት፣ መርሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ በትንሹም በትልቁም መነጫነጭና ማልቀስ ይገኙባቸዋል። በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት ሴቶችን የተከታተለ አንድ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ በ2015 እንዳሳወቀው ይህ ሙቀትና ላብ በአማካይ 7.4 ዓመት ያህል ይቆያል። "ትንሽ ታገሺ፣ ያልፋል" የሚለው ምክር ስንት ዓመት ታገሺ ማለት እንደሆነ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ስሜትን ለምን ያናጋል?

ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ማህፀን ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በአንጎል ውስጥ ስሜትን፣ እንቅልፍንና የሰውነት ሙቀትን በሚቆጣጠሩት እንደ ሴሮቶኒን ባሉ ንጥረ ነገሮች ላይም እጁ አለበት። በመሸጋገሪያው ጊዜ ኤስትሮጅን ቀስ ብሎ አይወርድም፤ ይወጣል ይወርዳል። ለዚህ መዋዠቅ አካላቸው የሚቆጣ ሴቶች አሉ፤ ምንም ሳይሰማቸው የሚያልፉም አሉ።

እ.ኤ.አ በ2024 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከ9 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተቱ 7 ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረው ነበር። በመሸጋገሪያው ላይ ያሉ ሴቶች የወር አበባቸው ገና ካልተዛባ ሴቶች ይልቅ በድብርት የመያዝ ዕድላቸው 40 በመቶ ያህል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ላይ የዕድሜው ሸክም ይጨመርበታል። ልጅ ከቤት ይወጣል፣ ወላጅ ይታመማል፣ ባል ጡረታ ይወጣል ወይም ይሞታል። እኛ ሀገር ደግሞ ስለ ወር አበባ በቅጡ ያልተወራላት ሴት ስለ መቆሙ የምታወራው ሰው አታገኝም። "ዕድሜ ነው" ተብሎ ይታለፋል።

ሳይኬዴሊክ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

አእምሮ ነገሮችን የሚያይበትንና የሚሰማበትን መንገድ ለጥቂት ሰዓታት የሚለውጡ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ቀለም ይደምቃል፣ ጊዜ ይረዝማል፣ የተረሳ ትዝታ ይመጣል፤ አንዳንዱ ታላቅ ሰላም፣ አንዳንዱ ታላቅ ፍርሃት ይሰማዋል። ዋና ዋናዎቹ ኤልኤስዲ እና ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዝርያዎች የሚገኘው ሲሎሳይቢን ናቸው። ኤምዲኤምኤ እና ኬታሚንም አሠራራቸው ቢለይም ብዙ ጊዜ ከእነዚሁ ጋር ይጠቀሳሉ።

የእንጉዳዩ ታሪክ ረጅም ነው። በሜክሲኮ ኦአሃካ የሚኖሩ የማሳቴክ ሕዝቦች ለፈውስ ሥርዓታቸው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን በ1938 እ.ኤ.አ ኤልኤስዲን ከሠራ በኋላ፣ በ1958 ደግሞ ሲሎሳይቢንን ከእንጉዳይ ለይቶ አወጣ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ሐኪሞች ለድብርትና ለአልኮል ሱስ ሞክረውታል። ከዚያ አጠቃቀሙ ከሐኪም እጅ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲፈስ፣ እ.ኤ.አ የ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እጅግ ጥብቅ በሆነው መደብ ውስጥ አስገባው። ምርምሩ በስፋት የተመለሰው ከ2000 እ.ኤ.አ በኋላ ነው።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል?

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በጥናቶቹ የተሞከረው ነገር ክኒን ውጦ ወደ ሥራ መሄድ አይደለም፤ ሦስት ደረጃ አለው።

- ዝግጅት፦ ታካሚዋ ከሠለጠኑ ባለሙያዎች ጋር በተደጋጋሚ ትገናኛለች። ጤናዋ፣ የቤተሰቧ የአእምሮ ሕመም ታሪክና የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ይመረመራሉ።
- የመድኃኒቱ ቀን፦ መጠኑ የታወቀ ንጹህ ሲሎሳይቢን፣ ብዙ ጊዜ 25 ሚሊ ግራም፣ ይሰጣታል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ዓይኗን ሸፍና፣ ሙዚቃ እየሰማች ከ6 እስከ 8 ሰዓት ትቆያለች። ባለሙያ ከአጠገቧ አይለይም፤ የደም ግፊቷም ይለካል።
- ከዚያ በኋላ፦ ያየችውንና የተሰማትን ይዛ ከባለሙያዎቹ ጋር በቀጣይ ቀናት ትነጋገራለች። ከሕይወቷ ጋር የምታያይዘው በዚህ ጊዜ ነው።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

በ2022 እ.ኤ.አ ይፋ የሆነ አንድ ሙከራ ሌላ መድኃኒት ያልበገረው ድብርት ያለባቸውን 233 ሰዎች በ10 ሀገሮች አሳትፏል። 25 ሚሊ ግራም ከወሰዱት ውስጥ በ3ኛው ሳምንት 37 በመቶ ያህሉ በግልጽ ተሽሏቸዋል፤ እጅግ አነስተኛውን 1 ሚሊ ግራም ከወሰዱት የተሻላቸው 18 በመቶ ነበሩ። እስከ 12ኛው ሳምንት መሻሉ የጸናላቸው ግን 20 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር የተለመዱ ነበሩ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብም በሁሉም ምድቦች ታይቷል። እ.ኤ.አ በ2025 የተነገረው የዚያው ኩባንያ ሰፋ ያለ ሙከራ ውጤት ደግሞ በድብርት መለኪያው ላይ ከማስመሰያው ክኒን ጋር የነበረው ልዩነት 3.6 ነጥብ መሆኑን አሳየ። መለኪያው እስከ 60 የሚቆጥር ነው። ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ተአምር ግን አይደለም።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መውሰድ ስለሚባለውም ልጨምር። በ2021 እ.ኤ.አ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ 191 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት አሳትሞ ነበር። ትንሿን መጠን የወሰዱትም፣ ባዶውን ክኒን ሳያውቁ የወሰዱትም እኩል "ተሻለን" አሉ። የተሻላቸው ተስፋቸው ነበር ማለት ነው።

ፈቃድን በተመለከተ አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ያላቸው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሲሎሳይቢንን ሌላ መድኃኒት ላልበገረው ድብርት እንዲያዙ አድርጋለች። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ነዋሪዎች በ2020 በድምፃቸው ፈቅደው፣ ከ2023 ጀምሮ በባለሙያ ጥበቃ ይሰጣል፤ ወጪው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ ለኤምዲኤምኤ የቀረበለትን ማመልከቻ ማስረጃው አልበቃኝም ብሎ መልሶታል።

ለማረጥስ?

ከላይ የጠቀስኳቸው ሙከራዎች አንዳቸውም ለማረጥ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ተመራማሪዎች ጥያቄውን ያነሱት ኤስትሮጅንና ሲሎሳይቢን በአንጎል ውስጥ የሚገናኙበት ስፍራ ስላለ ነው። ሲሎሳይቢን የሚሠራው በዋናነት አንድ ዓይነት የሴሮቶኒን መቀበያን በመያዝ ነው፤ ኤስትሮጅን ደግሞ የዚህን መቀበያ ብዛት እንደሚነካ በእንስሳት ላይ ታይቷል። ከጆንስ ሆፕኪንስ የወጣ አንድ አነስተኛ ዘገባም ሳይኬዴሊክ ከወሰዱ በኋላ የወር አበባቸው ላይ ለውጥ ያዩ 3 ሴቶችን ታሪክ አቅርቧል። ሦስት ሰው ጥያቄ ለማንሳት ይበቃል፤ መድኃኒት ለማዘዝ አይበቃም። ስለዚህ ለሙቀቱ፣ ለላቡና ለመነጫነጩ "እንጉዳዩ ፍቱን ነው" የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ሳይንሱ ያላለውን እየተናገረ ነው።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጠርሙስ

ከሰሚት የመጡ አንዲት እናት ባለፈው ጊዜ ከቦርሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው አሳዩኝ።

"ልጄ ናት የላከችልኝ፤ በቀን አንዲት ፍሬ ብቻ ትለኛለች" አሉ።

"እትዬ፣ እስቲ ላይ ላዩን የተጻፈውን ልይልዎት?" አልኳቸው።

የአበባ ሥዕል አለበት፤ የሠሪው አድራሻ ግን የለም፤ መጠን የለም፤ ቀን የለም። እትዬ የደም ግፊት መድኃኒትና ፍሉኦክሲቲን ይወስዳሉ። ይባስ ብሎ "ከሌላ ጋር አይስማማም" ስለተባሉ ፍሉኦክሲቲኑን ከሳምንት በፊት በራሳቸው አቁመውታል። ልጅቱ ክፉ አላሰበችም፤ እናቷ በስልክ ስታለቅስ ሰምታ ነው። ግን ጭንቀት ያለባት እናት የሚሠራላትን መድኃኒት አቁማ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ልትጀምር ነበር። የዚያኑ ዕለት ወደሚከታተሏቸው ሐኪም እንዲመለሱ ለመንኳቸው፤ እሺ ብለው ሄዱ።

ይህን የምጽፈው ሌሎችም ጠርሙሱን ሳያሳዩ ስለሚጀምሩት ነው። የሚከተሉት ሰዎች በጥናት ውስጥ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይካተቱም።

- ራሳቸው ወይም የቅርብ ዘመዳቸው ከእውነታ የሚያላቅቅ የአእምሮ ሕመም ወይም ባይፖላር ያለባቸው፤
- ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ምክንያቱም ሲሎሳይቢን ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ስለሚያደርግ፤
- ሊቲየም የሚወስዱ፣ ምክንያቱም አብሮ ሲወሰድ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ስለሚያስከትል።

እንደ ፍሉኦክሲቲንና ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች የእንጉዳዩን ስሜት ሊያደክሙት ይችላሉ። ያን ጊዜ ሰው ወይ መጠኑን ይጨምራል፣ ወይ መድኃኒቱን ያቆማል። ሁለቱም አደጋ ነው።

ኬታሚን፦ እኛ ዘንድ ያለው

ከነዚህ ሁሉ በሀገራችን ሆስፒታሎች የታወቀው ኬታሚን ብቻ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ የተሠራ፣ በ1970 በአሜሪካ ለማደንዘዣነት የተፈቀደ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ያስገባው ነው። መተንፈሻ ማሽን በሌለበት እንኳ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ስለሚያስችል በገጠር ሆስፒታል ባለውለታ ነው። የኬታሚን አንድ ወገን የሆነው ኤስኬታሚን በ2019 እ.ኤ.አ በአሜሪካ ለማይበገር ድብርት በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ሆኖ ተፈቅዷል። ታካሚዋ የምትወስደው ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ከዚያም ቢያንስ 2 ሰዓት እየታየች ትቆያለች።

ይህን ሰምቶ "ኬታሚን እኮ በየሆስፒታሉ አለ" ማለት አይገባም። ለማደንዘዣ የሚሰጥበት ሙያና ለድብርት የሚሰጥበት ሙያ የተለያዩ ናቸው። ያለ ጥበቃ ሲደጋገም ሱስ ይሆናል፣ ፊኛን ይጎዳል። "ፍሬንድስ" በተሰኘው ተከታታይ ፊልም የምናውቀው ማቲው ፔሪ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ የሞተው በኬታሚን ጠንቅ መሆኑን የአስከሬን ምርመራው ገልጿል።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የ1971ዱ ስምምነት አባል ናት። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 መርዛማ፣ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ የሆኑ ዕፆችንና ንጥረ ነገሮችን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን በወንጀልነት ይደነግጋል። መድኃኒትን የመቆጣጠሩ ሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። "ለእናቴ መድኃኒት ነው" ማለት ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ መልስ አይሆንም። በሻንጣ የሚላክ እሽግ ላኪውንም፣ ይዞ የሚመጣውን የሰፈር ልጅም፣ ተቀባይዋንም ሊያስጠይቅ ይችላል።

ከእኛው ጓሮ

"የፈረንጁ ካልተገኘ የሀገራችን ዕፅ" የሚሉም አሉ። በየክፍት ቦታውና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው አስተናግር፣ አንዳንዱ አጤ ፋሪስ የሚለው፣ ሰውን እንደሚያስቃዥ አባቶች ያውቁታል። ይህ ግን ሳይኬዴሊክ ሳይሆን መርዝ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስሮጣል፣ አእምሮ ያስታል፣ ይገድላልም። የጅብ ጥላ ሁሉም እንጉዳይ ይመስላል፤ ከክረምት በኋላ ከሜዳ ለቅሞ መሞከር በሕይወት መቆመር ነው። ጫትም ከዚህ ወገን አይደለም፤ ያነቃቃል እንጂ። የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ላረጠች ሴት ቀድሞውንም የሸሻትን እንቅልፍ ይወስዳል።

ከዕፁ ይልቅ ሊነሳ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ ጎንደር ላይ የዛር ሥርዓትን ሲከታተል፣ በዙሪያው ያገኛቸው በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግም በ1958 ስለ ኢትዮጵያ ዛር ባሳተመው ጥናት ነገሩን እንደ ቡድን ሕክምና ተመልክቶታል። ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፤ እኔም ወደዚያ ሂዱ አልልም። ነገር ግን ሴቶቹ የሚያገኙት ምን ነበር ብለን እንጠይቅ። ቡና ይፈላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ የታመመችው ትሰማለች፣ ሕመሟ ስም ያገኛል። የውጭዎቹ ተመራማሪዎችም ዝግጅቱና ከኋላ ያለው ንግግር ከመድኃኒቱ አይነጠልም ይላሉ። መሰማትና አብሮ መሆን ለመፈወስ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ለዚህ ደግሞ እንጉዳይም ዛርም አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

1. መጀመሪያ ምርመራ። የእንቅርት እጢ መዛባት፣ የደም ማነስና ስኳር የማረጥን መልክ ይይዛሉ። ከ12 ወር በኋላ ደም ያየች ሴት ደግሞ "ተመለሰልኝ" ሳትል ቶሎ የማህፀን ሐኪም ጋ ትሂድ፤ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል።

2. የሆርሞን ሕክምና። በ2002 እ.ኤ.አ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶችን ያሳተፈ የአሜሪካ ጥናት የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ስጋት አሳይቶ ተቋርጦ ዓለም ሁሉ ሸሽቶት ነበር። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ ግን 63 ነበር። ዛሬ ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ፣ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ እንደሚያመዝን ባለሙያዎች ይስማማሉ። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የጉበት ሕመም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ላለባት ግን አይሆንም። ወሳኙ ሐኪም ነው።

3. የድብርት መድኃኒቶች። ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ሥራና ምግብ ካስተወ እነዚህ የተፈተኑ ናቸው። አንዳንዶቹ ሙቀቱንም ይቀንሳሉ። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ግን ለሐኪሟ ትንገር፤ ፓሮክሲቲንና ፍሉኦክሲቲን ሥራውን ያዳክሙታል።

4. የንግግር ሕክምና። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው በሙቀቱ መረበሽን እንደሚቀንስ በእንግሊዝ ተፈትኖ፣ የሀገሪቱ የሕክምና መመሪያም በ2024 እ.ኤ.አ እንደ አማራጭ አስቀምጦታል።

5. የቤት ነገር። በየቀኑ መራመድ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና መቀነስ፣ ስስ ልብስ ደርቦ መልበስ፣ መኝታን ማናፈስ።

በእኛ አቅጣጫ ላሉ ሰዎች የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ በ2012 ዓ.ም የኮቪድ ማዕከል ሆኖ ስሙን ያወቅነው ያው ነው። መሀል ከተማ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ መጀመርም ይቻላል። ጸበል የምትሄድ እህት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መሞትን ማሰብ የጀመረች ሴት ግን ነገ ሳትል ዛሬውኑ፣ ከሰው ጋር ሆና ትሂድ።

ውጭ ላላችሁ ልጆችና እህቶችም አንድ ቃል። እናታችሁ ስታለቅስ ጠርሙስ ከመላክ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት የሚሆነውን ላኩላት፤ ከሁሉም በላይ ደውሉላትና አስጨርሷት። "ዕድሜ ነው" አትበሏት። ዕድሜ መሆኑን እሷም ታውቃለች።

እንጉዳዩ ነገ ተፈትኖ፣ መጠኑ ታውቆ፣ በሐኪም እጅ ቢመጣ ደስ ይለኛል። እስከዚያ ድረስ በእጃችን ያለው ሕክምና እያለ ማንም ሴት በሌሊት ላብና በእንባ ብቻዋን መቀመጥ የለባትም።